ሰማያዊው ዘይት

ታላቅ እህቴ ከጀርመን ለእረፍት ስትመጣ ለእማዬ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቡናማ ብልቃጥ አመጣችላት። ብልቃጧ ላይ የካሞሚል አበባ ተስሏል፤ መሃሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ። እማዬ ሆዷን በነፋት ቁጥር የካሞሚል ሻይ አፍልታ መጠጣት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ አበባውን በደንብ ታውቀዋለች። ክዳኑን ከፍታ ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ስታንጠባጥብ ግን የወጣው ፈሳሽ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ ነበር።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች።

"ዘይቱ ነው እማዬ። የካሞሚል ዘይት።"

"የቱ ካሞሚል ነው ሰማያዊ?"

እህቴ መልስ አልነበራትም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከቤቱ ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቼ አገላበጥኩትና ፈረድኩ፦ "ቀለም ጨምረውበታል። ሸውደውሻል።"

እህቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ብልቃጡን ከደሞዟ ቆጥባ ነው የገዛችው። ምንም አላለችም። እማዬ ጠብታው አስቸግሮኛል ብላ ዘይቱን ወደ አሮጌ የሽቶ ጠርሙስ ገለበጠችና መስኮቱ ሥር አኖረችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰማያዊው አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ደግሞ ቡናማ ሆነ። "አየሽ? ቀለሙ ለቀቀ" አልኩ። ለእህቴም በስልክ ነገርኳት። ያን ጊዜም ምንም አላለችም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የሽቶና የመድኃኒት አበቦችን ታሪክ ሳነብ፣ እህቴን በሐሰት እንደወነጀልኳት ስለደረስኩበት ነው። ዘይቱ ንጹሕ ነበር። አበባው ውስጥም ሰማያዊ ነገር የለም። ሁለቱም እውነት ናቸው። እንዴት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ለመረዳት ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ከአበባ መዓዛ የማውጣት ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ መሰላል ይተረካል። ድሮ በቅባት ነበር፤ ቀጥሎ በእንፋሎት፤ ቀጥሎ በኬሚካል፤ ዛሬ ደግሞ በማሽን። እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው የተሻለ ነው ይባላል። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነበር። ያደግኩበትን ወጥ ቤት ልብ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ መሰላል እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር፤ እዚያ ሁሉም ዘዴ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበርና።

አንደኛው ሻይ ማፍያው ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟማውን ውሃ ይወስዳል፤ የቀረው ማጥለያው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው የቅቤ ድስቱ ነው። እማዬ ለጋ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት፣ ኮረሪማና የበሶብላ አበባ ትጨምርበታለች፤ ኋላ ቅጠሉና ዝቃጩ ተጠልሎ ይጣላል፣ ሽታው ግን ቅቤው ውስጥ ይቀራል፣ ለወራትም አይለቅም። ሦስተኛው አያቴ ቤት፣ ደብረ ብርሃን፣ የነበረው የአረቄ ማሰሮ ነው። ድፍድፉ ከታች ይንተከተካል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርድና እዚያ ፈሳሽ ይሆናል።

ውሃ፣ ቅባትና እንፋሎት። የዓለም ሽቶ ሠሪዎችና መድኃኒት ቀማሚዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት የሠሩት በእነዚህ በሦስቱ ነው። አንዲት የወጥ ቤት ሴት ሦስቱንም ታውቃለች፤ ኮሰረቱን አረቄ ማሰሮ ውስጥ፣ ድፍድፉን ቅቤ ድስት ውስጥ አትጨምርም። የትኛው ዕቃ ለየትኛው ነገር እንደሆነ ታውቃለች። የታሪኩ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ እኔ ለመረዳት ብዙ ገጽ ፈጀሁ እንጂ።

*

ከቅባቱ እንጀምር። በአሦር ከተማ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1200 ዓመት ገደማ የተጻፈ የሸክላ ጽላት አለ። ታፑቲ የምትባል የቤተ መንግሥት ሽቶ ሠሪ አሠራር ተጽፎበታል። ስሟ ከታወቀ የዓለማችን የመጀመሪያዎቹ ኬሚስቶች አንዷ ናት። አበባና መዓዛማ ሥሮችን ከውሃና ከዘይት ጋር ታሞቃለች፣ ታሳድራለች፣ ታጠልላለች፤ እንደገናም ትደግማለች። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ሴቶች የሊሊ አበባ ሲለቅሙ፣ አበባውንም ጨርቅ ውስጥ አድርገው ጨርቁን በሁለት በትር ግራና ቀኝ እየጠመዘዙ ሲጨምቁት የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዲዮስቆሪድስ የተባለው ግሪካዊ ሐኪም በመድኃኒት መጽሐፉ የጽጌረዳ ዘይት አሠራርን በዝርዝር ጽፏል። የጽጌረዳ ቅጠል የወይራ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ያድራል፤ ይጨመቃል። ከዚያ ያው ዘይት ላይ ትኩስ አበባ ይጨመራል፤ እንደገና ይጨመቃል። ይህ እስከ ሰባት ጊዜ ይደገማል፤ ከሰባት በኋላ ግን ዘይቱ አይቀበልም ይላል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ቅቤም እንደዚያው ነው፤ ኮሰረት ስላበዛህበት ሽታው ያለ ልክ አይጨምርም። ዛሬ "አሟሚው ሞላ" እንላለን። ዲዮስቆሪድስ ቃሉ አልነበረውም እንጂ ነገሩን በእጁ ያውቀው ነበር።

ቅባት የሚወደው ቅባት ነው። የአበባ መዓዛ የሚሸከሙ ሞለኪውሎች አብዛኞቹ ከውሃ ይልቅ ዘይት ውስጥ መሟሟት ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ዘይት በደንብ ይይዛቸዋል። ጉዳቱ ደግሞ አንዴ ከያዘ አለመልቀቁ ነው። የምታገኘው ጽጌረዳ የሚሸት ዘይት ነው፤ የጽጌረዳ ዘይት ግን አይደለም። ቁስል ላይ፣ ጸጉር ላይ፣ ገላ ላይ ለመቀባት ከዚህ የተሻለ የለም። መዓዛውን ብቻውን ነጥሎ ለማግኘት የፈለገ ሰው ግን ሌላ ዕቃ ያስፈልገው ነበር።

*

ያ ዕቃ የአያቴ ማሰሮ ዘመድ ነው። በ300 ገደማ ግብፅ ውስጥ የኖረው ዞሲሞስ የተባለ የአልኬሚ ጸሐፊ፣ ማርያም የምትባል አይሁዳዊት ሴት ስለሠራቻቸው የማፍያና የማቀዝቀዣ ዕቃዎች ጽፏል። ዛሬም ወጥ ቤት ውስጥ አንዱን ዕቃ የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ በቀስታ ማሞቅ በፈረንሳይኛ በስሟ ይጠራል፤ "ባን ማሪ"፣ የማርያም መታጠቢያ።

የአበባ ውሃ በብዛት የወጣው ግን በእስልምናው ዓለም ነው። በየመጽሐፉ "የጽጌረዳን ውሃ በእንፋሎት ማውጣት የፈለሰፈው ኢብን ሲና ነው" የሚል ይገኛል። ኢብን ሲና የተወለደው በ980 ነው። ከእሱ መወለድ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ873 ገደማ የሞተው አል ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ማንጠር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ከመቶ በላይ የአሠራር ዘዴዎችንም አስፍሮበታል። ኢብን ኻልዱን ደግሞ በሙቀዲማው ባስቀመጠው የአባሲዶች የግብር ዝርዝር ላይ ከፋርስ አውራጃ በየዓመቱ ወደ ባግዳድ ግምጃ ቤት ይገባ የነበረውን 30,000 ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ ይቆጥራል። ይህ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። 30,000 ጠርሙስ ግብር የሚከፈልበት ነገር ገና የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም። ኢብን ሲና ታላቅ ሐኪም ነበር፤ የራሱ ያልሆነውን ብንወስድበት አይጎድልበትም። ማሰሮውን የመረጉት፣ እሳቱን የጠበቁት ሰዎች ግን ስማቸው የለም።

እንፋሎት የሚሠራው ሥራ በመጀመሪያ ሲታይ ይገርማል። ከጽጌረዳ መዓዛ ዋና ዋናዎቹ ሞለኪውሎች ለየብቻቸው ቢሞቁ የሚፈሉት 200 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ውሃ ግን ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ እንዲያውም በ92 ገደማ። ታዲያ 100 ዲግሪ ያልዘለለ እንፋሎት በ200 የሚፈላን ነገር እንዴት ይዞት ይወጣል? ዘይትና ውሃ ስለማይዋሃዱ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይተናሉ፤ የሁለቱ ትነት ተደምሮ ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል አብረው ይፈላሉ። ውሃው አብዛኛውን ሸክም ይሸከማል፤ ዘይቱ በጥቂቱ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ሲቀዘቅዙ ደግሞ እንደገና ይለያያሉ።

በጽጌረዳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ያን ጥቂት ዘይት ልብ ብላ ያየች ሴት በታሪክ ተመዝግባለች። የሕንዱ ሞጉል ንጉሥ ጃሃንጊር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው ማስታወሻ፣ የሚስቱ የኑር ጃሃን እናት አስመት ቤገም ትኩስ የጽጌረዳ ውሃ ከማሰሮ ወደ ሳህን ሲገለበጥ ላዩ ላይ የሚሰፍ ስስ ነገር አይታ በጥቂት በጥቂቱ እንደሰበሰበችው ይተርካል። ሽታው እጅግ ኃይለኛ ሆኖ አገኙት። ንጉሡ አማቱን የዕንቁ ሐብል ሸለማት። ከዚያ በፊት ያንን ስስ ነገር ያየ ሌላ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ሳትጥለው ለይታ ያስቀመጠችውን ግን ንጉሡ በስሟ ጻፋት።

ዛሬ ቡልጋርያ ውስጥ፣ ካዛንላክ አካባቢ ባለው የጽጌረዳ ሸለቆ፣ አበባው በግንቦትና በሰኔ ገና ጎሕ ሲቀድ ይለቀማል፤ ፀሐይ ከበረታች መዓዛው ይተናል። 1 ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ሺህ ኪሎ አበባ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ዘይት ግን ጽጌረዳዋን አይመስልም። ጉድለቱ አንድ ሞለኪውል ላይ ነው፤ ፊኒል ኤታይል አልኮል ይባላል። ትኩስ ጽጌረዳ ስናሸት ያ ለስላሳ፣ ማር ማር የሚለው መዓዛ በብዛት የእሱ ነው። ይህ ሞለኪውል ከሌሎቹ በተለየ ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ዘይቱ ሲንሳፈፍ እሱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ቡልጋሮቹ ውሃውን እንደገና አፍልተው ሁለተኛ ዘይት ያወጣሉ፤ ከመጀመሪያው ጋር ይቀላቅሉታል፤ ያም ሆኖ ዘይቱ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከዘይቱ የጎደለው ያ መዓዛ ብዙዎች ርካሽ ነው ብለው የሚንቁት የጽጌረዳ ውሃ ውስጥ አለ። በሠርግና በለቅሶ የሚረጨው፣ ጣፋጭ ውስጥ የሚገባው ውሃ ውድ ዘይቱ ያጣውን ይዟል።

*

እንፋሎት ጭራሽ የማያሸንፋቸው አበቦችም አሉ። ጃስሚን አንዷ ናት። በእኛ ደጋ ጠምበለል የምንላት፣ አጥር ላይ የምትሳበው ነጭ አበባ ከጃስሚን ወገን ናት። ጃስሚንን ብታፈላት መዓዛዋ ይበላሻል፤ የምታገኘውም ኢምንት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግራስ የምትባለው ከተማ፣ መጀመሪያ በቆዳ ፋቂዎቿና በጓንት ሠሪዎቿ የታወቀች፣ ለዚህ ችግር ጥንታዊውን ቅባት መልሳ አመጣች፤ በዚህኛው ግን እሳት የለም። በእንጨት ክፈፍ የተያዘ መስታወት ላይ የተጣራ የአሳማና የበሬ ስብ ይለቀለቃል። ሴቶች ጃስሚኑን በእጃቸው አንድ በአንድ ስቡ ላይ ያስቀምጣሉ። በማግስቱ አበባው ይነሣል፤ ሌላ ትኩስ አበባ ይተካል። ስቡ እስኪሞላ ድረስ ይህ ለሳምንታት ይቀጥላል። ኋላ ስቡ በአልኮል ይታጠባል፤ አልኮሉ መዓዛውን ይነጥቀዋል። ዘዴው አንፍለራዥ ይባላል።

ይህ አድካሚ ሥራ ለምን እንደሚከፍል የታወቀው በ1890ዎቹና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ፓሲና ጀርመናዊው ኬሚስት አልበርት ሄሰ እንዳሳዩት፣ ጃስሚንና ቲዩበሮዝ ከተቀጠፉም በኋላ መዓዛ መሥራታቸውን አያቋርጡም። አበባዋ ስቡ ላይ ተኝታ ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች፤ ስቡም የምትተነፍሰውን ይቀበላል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ጃስሚን በአንፍለራዥ የሚገኘው፣ ያንኑ አበባ በአንድ ጊዜ በአሟሚ ከሚወጣው እጥፍ ድርብ ይበልጥ ነበር። ጽጌረዳና የብርቱካን አበባ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ከተቀጠፉ በኋላ አይሠሩም። እነሱን ሞቅ ያለ ስብ ውስጥ መንከር ይሻላል። የግራስ ሴቶች ከሄሰ ወረቀት በፊት የቱ አበባ ለቀዝቃዛው፣ የቱ ለሞቃቱ እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። ሳይንሱ ምክንያቱን ነገራቸው።

በ1835 ሮቢኬ የተባለ ፈረንሳዊ ፋርማሲስት ሌላ በር ከፈተ። ከነርሲስ ወገን የሆነ ቢጫ አበባን በኤተር ነክሮ፣ ኤተሩ ሲተን መዓዛው እንደሚቀር አሳየ። ኤተር ውድና ተቀጣጣይ ስለነበር ፋብሪካ ውስጥ ለመግባት አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በኋላ የነዳጅ ውጤት የሆኑ ፈሳሾች፣ በተለይም ሄክሴን፣ ቦታውን ያዙ። ሄክሴን በ69 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በቀላሉ ይተናል፤ አበባውም እንደ እንፋሎቱ አይቃጠልም። የጽጌረዳው ፊኒል ኤታይል አልኮልም ውሃ ውስጥ አይጠፋም፤ በዚህ መንገድ በሚገኘው የጽጌረዳ ጭማቂ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ሽቶ ሠሪዎች "ይህችኛዋ ትኩሷን ጽጌረዳ ትመስላለች" የሚሉት ለዚህ ነው።

ግን ሄክሴንም አድልዎ አለው። መዓዛውን ብቻ ሳይሆን የአበባውን ሰም፣ ቀለምና ስብም ጠራርጎ ያወጣል፤ ስለዚህ በአልኮል ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ፣ ተጣርቶ ነው መዓዛው የሚለየው። የአሟሚው ርዝራዥ ሊቀር ስለሚችልም በዚህ መንገድ የወጣውን ለሽቶ እንጂ ለመድኃኒት የሚመርጠው የለም ማለት ይቻላል። ለአፍንጫ የቀረበው ዘዴ ለጤና የቀረበ አልሆነም።

*

አሁን ወደ ሰማያዊው ብልቃጥ ልመለስ።

የካሞሚል ዘይት በእንፋሎት ሲወጣ ሰማያዊ እንደሚሆን አውሮፓውያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር። በ1500 ስትራስቡርግ ውስጥ የሂሮኒሙስ ብሩንሽቪግ የማንጠር መጽሐፍ ታትሞ በየመድኃኒት ቤቱ ማሰሮ ሲንተከተክ፣ ነጭና ቢጫ አበባ አስገብቶ ሰማያዊ ዘይት ማውጣት እንደ ተአምር የሚታይ ነገር ነበር። በ1860ዎቹ የለንደኑ ሽቶ ሠሪ ፒየስ ለሰማያዊው ነገር "አዙሊን" የሚል ስም ሰጠው። ከየት እንደሚመጣ ግን አልታወቀም። አበባውን ፈጭተህ ብትፈልግ ሰማያዊ የለም፤ ሻይ ብታፈላው ወርቃማ ነው፤ ዘይት ውስጥ ብትነክረውም ቢጫ ነው።

መልሱ የመጣው በ1954 ከፕራግ ነው። ቼካን፣ ሄሮውትና ሾርም የተባሉ ኬሚስቶች ከካሞሚል አበባ ቀለም የሌለው ንጥረ ነገር ለዩ። ኋላ ማትሪሲን ተባለ። ማትሪሲን ውሃና ሙቀት ሲያገኘው ይሰበራል፤ አሴቲክ አሲድ፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጥላል፤ የሚተርፈው ካማዙሊን ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። ማለትም ሰማያዊው ነገር አበባው ውስጥ አልነበረም፤ ማንም ሰው ግን ከውጭ አልጨመረበትም። የሠራው እንፋሎቱ ነው፤ ማሰሮው ውስጥ።

ካማዙሊን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ደግሞ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል። ለዚህ ነው የሚሸጠው በቡናማ ብልቃጥ። እማዬ ወደ ነጭ ጠርሙስ ገልብጣ መስኮቱ ሥር ያስቀመጠችው ዘይት ቀለም መለወጡ የማታለል ምልክት ብዬ የያዝኩት ነገር የንጽሕናው ምልክት ነበር። ማስረጃውን በእጄ ይዤ ገልብጬ አነበብኩት።

ከዚያ የመጣው ዘዴ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ኩርት ዞዘል የተባለ ኬሚስት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪና ከ73 የከባቢ አየር ግፊት ገደማ በላይ ሲሆን ጋዝም ፈሳሽም ሳይሆን የሁለቱንም ጠባይ ይዞ እንደ አሟሚ እንደሚሠራ ተጠቀመበት። ዘዴው ዓለምን የዞረው በእኛው ቡና ነው፤ ካፌይን ከቡና ለማውጣት። ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዙ ይበንናል፤ ርዝራዥ አይተውም። ካሞሚል በዚህ ዘዴ ሲወጣ ሙቀት ስለሌለበት ማትሪሲኑ አይሰበርም። ስለዚህ የሚገኘው ጭማቂ ሰማያዊ አይደለም፤ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። ከአንድ ማሳ የተለቀመ አበባ በሁለት ማሽን ሲያልፍ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ሻዩ ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ ውሃ የሚወዱትን፣ እንደ አፒጄኒን ያሉትን ከነዘመዶቻቸው ይወስዳል፤ ከመዓዛማ ዘይቱ የሚደርሰው ጥቂት ብቻ ነው።

ስለዚህ "ካሞሚል ለሆድ ጥሩ ነው" ሲባል የቱ ካሞሚል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዘይት የተጨመቀ ሻይ አይደለም፤ እንደ ሻይ ሊጠጣም አይገባም።

*

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ የእኛ አበባ ከአእምሮዬ አልወጣም አለ። ኮሶ አበባ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ይጠጡት ነበር። አልተጠለለም፤ ዱቄቱ ከነውሃው ነው የሚዋጠው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ አውሮፓ ገብቶ የብሪታንያ የመድኃኒት መድብል ውስጥ ሲሰፍር፣ የታዘዘው አሠራር ፈልቶ ሳይጠለል እንዲሰጥ ነበር። ምክንያቱም የኮሶ መድኃኒት የሚተን አይደለም፤ ውሃም በደንብ አያሟሟውም። እንፋሎት ላይ ብታስቀምጠው ሽታውን ብቻ ታገኛለህ፤ ትሉን የሚያባርረው ማሰሮው ሥር ይቀራል። ብታጠልለው ደግሞ መድኃኒቱን ከዝቃጩ ጋር ትደፋዋለህ።

ልጅ ሆኜ ኮሶ ሳይጠለል መጠጣቱን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለንደን የሚገኙት የመድኃኒት ሊቃውንት ግን ማጥለያውን እንዲተዉ ያዘዛቸው አበባው ራሱ ነው። እኛም ያው ነበር ያዘዘን፤ እኛ ቀድመን ሰማነው እንጂ። ኮሶ ብርቱ መርዝነት እንዳለው፣ ብዙ ሰው እንደጎዳም አውቃለሁ፤ ወደ እሱ እንመለስ ማለቴ አይደለም። የምለው፣ አንድን አሠራር ከመናቃችን በፊት ምን ለማውጣት የተበጀ እንደሆነ እንጠይቅ ነው።

ከሁሉም የትኛው ዘዴ ይሻላል የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው። ለሚቀባ ነገር ቅባት ይሻላል። ሙቀት ለሚችልና ለሚተን መዓዛ እንፋሎት። ተቀጥፋ ለምትተነፍስ አበባ ቀዝቃዛ ስብ። ትኩስ አበባ ለመሰለ ሽቶ ሄክሴን። ሙቀት ለሚሰብረው ንጥረ ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ውሃ ለሚወድ ደግሞ የእማዬ ሻይ ማፍያ። አበባዋን ሙሉ በሙሉ የሚያወጣ አንድም የለም። እያንዳንዱ የሚወደውን ይመርጣል፤ አንዳንዱም ያልነበረ ይጨምራል።

*

ባለፈው እሑድ እማዬ ቤት ቡና ተፈልቶ እያለ እህቴ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነው። ጊዜው ነው ብዬ ነገርኳት። ዘይቱ እውነተኛ እንደነበር፣ ቀለሙን የሠራው እንፋሎቱ እንደሆነ፣ ቡናማ የሆነውም ብርሃን ስለነካው እንደሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ትንሽ ዝም አለችና፣ "እኔ እኮ ባለሱቋን ሄጄ ጠይቄያት ነበር" አለች። "እንደዚህ ነው የነገረችኝ። አንተ የተማርክ ስለሆንክ ነው ዝም ያልኩት።"

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። እማዬ ምጣዱ ላይ ያለውን ቡና እያገላበጠች ነበር፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል።

"እና ሰማያዊው አበባው ውስጥ የለም ነው የምትለው?" አለችኝ።

"የለም እማዬ። እሳቱና ውሃው ነው የሠራው።"

"ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?" አለች ምጣዱን ወደ እኔ እየገፋች። "ጥሬ ቡና እንደዚህ ይሸታል እንዴ?"

እህቴ ከወዲያ ሳቀች። ጥሬ ቡና የቡና ሽታ እንደሌለው፣ ሽታውን እሳት እንደሚሠራው አገሩ ሁሉ ያውቃል። በየቀኑ ሲቆላ አጠገቡ ተቀምጬ አድጌአለሁ።

"ጠርሙሱ አለ እኮ" አለች እማዬ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። "ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ አልጣልኩትም። አንቺ ያመጣሽልኝን እንዴት እጥላለሁ?"

"ሌላ ልላክልሽ?"

"ላኪልኝ። ግን ይሄኛውን ብልቃጡን አልለውጥም" አለችና ወደ እኔ አየች። "አንተም አትነካውም።"